የጋራ ብስክሌትና የአራዳ ክረምት

ሰኔ 30 ካርድ ከተሰጠ በኋላ የከተማ ልጅ ወዴት ይሄዳል? የገጠሩ ልጅ ከብት አለው፣ አረም አለው፤ ክረምት ለሱ የሥራ ወራት ነው። የአራዳ ልጅ ግን ካርዱን ለእናቱ አሳይቶ ከጨረሰ እስከ መስከረም ድረስ ሁለት ወር ከምናምን ባዶ ቀን እጁ ላይ ይቀራል። ቤት እንዳይቀመጥ ቤቱ ጠባብ ነው። ደጅ እንዳይውል ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አለ። ሲኒማውም፣ ኳስ የሚታይበት ቤትም፣ ጌም ቤቱም ገንዘብ ይላል። እኛ ደግሞ የዚህ ልጅ አስተማሪዎች የምንሆን ሰዎች ነንና ክረምቱ አይመለከተንም ማለት አንችልም።

በዚህ እትም ያነሳነው ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም ብዙ ሰው እየተቀባበለ የሚነዳው ብስክሌትና ያለ ክፍያ የሚገኝ የክረምት ጨዋታ ነው። በትልልቅ የዓለም ከተሞች ሁለቱ አብረው መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል። በእኛስ ከተማ፣ በተለይም በአራዳና በፒያሳ እንዴት ይሆናል? ዳገቱስ? ዝናቡስ? ሳይክሉስ ከየት ይመጣል? የሚሉትን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። የጋራ ብስክሌት ሲባል ከውጭ የመጣ፣ በስልክና በካርድ የሚከፈት አዲስ ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። የአራዳ ልጅ እኮ ድሮም ሳይክል የለመደው ሳይክል ኖሮት አይደለም፤ ተከራይቶ ነው። አከራዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ፣ አንዱን በዙር፣ አንዱን በሩብ ሰዓት ያሳፍራል። አንድ ሳይክል በቀን ስንት ልጅ እንደሚነዳው ቁጠሩ። አንድ ንብረት፣ ብዙ ተጠቃሚ፣ የተወሰነ ደቂቃ፣ የታወቀ መመለሻ ቦታ፤ የጋራ ብስክሌት ማለት ይኸው ነው። ጎሚስታውም አጠገቡ አለ።

ቃሎቹን ልብ ብላችኋል? ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም የጣሊያንኛ ናቸው። ፒያሳም እንዲሁ፤ ትርጉሙ አደባባይ ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ የነበረው እዚሁ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ሲሆን፣ በወረራው ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ። ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉና ሳይክሉ ቀረ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል፣ ማለትም በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ወር በሜልቦርን፣ ተወዳዳሪ ያሰለፈችው በሁለት ስፖርት ብቻ ነበር፤ አንዱ አትሌቲክስ፣ ሁለተኛው ብስክሌት። ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ጋላቢዎች እዚያ ነበሩ። የሩጫውን ታሪክ ልጆቻችን በቃላቸው ይዘውታል፤ የብስክሌቱን ግን ስንቱ ያውቃል? ይህን ለታሪክ ክፍለ ጊዜ እንተወው።

ወደ ኪራዩ እንመለስ። የኪራይ ሳይክል ባለበት ሁሉ ሁለት ልጆች ታያላችሁ። አንደኛው ገንዘብ የሌለው ልጅ ነው። ይህ ልጅ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ገንዘብ ያለውን ልጅ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ ይገፋል፣ ያስለምዳል፣ ሲወድቅ ያነሳል። በመጨረሻ ባለገንዘቡ ደስ ካለው የቀረችውን ግማሽ ዙር ይሰጠዋል። ደስ ካላለው አይሰጠውም። ሁለተኛዋ ልጅቷ ናት። እሷ የወንድሟን ሹራብ ይዛ ዳር ቆማለች። ገንዘብ እንኳ ቢኖራት «አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ?» የሚላት አይጠፋም። የኪራዩ ሥርዓት ለእነዚህ ለሁለቱ ቦታ የለውም። አከራዩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የሚበላው ከሳይክሉ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሳይክል ይኑር ወይስ አይኑር» ሳይሆን «ለገፊው ልጅና ሹራብ ለያዘችው ልጅ ተራ የሚሰጥ ማን ነው?» የሚል ነው።

ሌሎች ከተሞች ይህን ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ ሞክረውታል፤ ሙከራቸውም በየደረጃው ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአምስተርዳም ፕሮቮ የሚባሉ ወጣቶች ጥቂት ሳይክሎችን ነጭ ቀለም ቀብተው፣ ቁልፍ ሳያደርጉባቸው መንገድ ላይ አቆሙና «የፈለገ ይንዳ» አሉ። ፖሊስ ቁልፍ የሌለው ሳይክል መንገድ ላይ መተው ክልክል ነው ብሎ ሰበሰባቸው። ሐሳቡ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1995 ኮፐንሃገን 1,000 ሳይክል አውጥታ 20 ክሮነር የሚጎረስ ማሠሪያ አደረገችላቸው፤ ሳይክሉን መልሰህ ስታስር ሳንቲምህ ይመለሳል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ለስላሳ ስንገዛ ጠርሙስ አስይዘን የምናደርገው ነው። ችግሩ ያስያዘው ሰው ስሙ አይታወቅም፤ 20 ክሮነሩን ትቶ ሳይክሉን ይዞ የቀረም አለ። ከዚያም ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2007 በሺህ የሚቆጠሩ ሳይክሎች አወጣች፤ ተመዝጋቢው ካርድ አለው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አይከፈልበትም። እንዲያም ሆኖ በሁለት ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ተሰረቁ፣ ሌሎችም ተሰበሩ። በቻይና ደግሞ ነገሩ ከልክ አለፈ፤ ኩባንያዎች እየተሽቀዳደሙ ሳይክል መንገዱን ሁሉ አለበሱት፤ በኋላ ሲከስሩ ሳይክሉ በየሜዳው ተከመረ፣ ብዙ ተጠቃሚም ያስያዘውን ገንዘብ ሳያገኝ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው አንድ ቁም ነገር አለ። ሳይክሉን የሚጠብቀው ቁልፉ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደወሰደው መታወቁ ነው። የሰፈር አከራይ ልጁን፣ የልጁን እናት፣ የእናቲቱን ቤት ያውቃል፤ ስለዚህ ያለ ካርድና ያለ ኮምፒዩተር ሳይክሉ ይመለስለታል። አስተማሪም ተማሪውን ያውቃል። በዚህ በኩል ትምህርት ቤት ከማንኛውም ኩባንያ ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። እዚህ ላይ ከፓሪስ ይልቅ ለእኛ የምትቀርበው የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ናት። ቦጎታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ ከአዲስ አበባም ትበልጣለች። «በእኛ ከፍታ ሳንባ አይችልም» ለሚል ሰው መልሱ እዚያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በዚያች ከተማ እሑድ እሑድና በበዓል ቀን ትልልቅ መንገዶች ለመኪና ይዘጋሉ። ሲክሎቪያ ይሉታል። ዛሬ የሚዘጋው መንገድ ሲደመር ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ሕዝቡ በሳይክል፣ በእግር፣ በጋሪ ጫማ ይወጣል፤ በየመናፈሻው ነጻ የስፖርት እንቅስቃሴ የሚያሠሩ አሠልጣኞች አሉ። መግቢያ የለውም፣ ትኬት የለውም። በኒውዮርክም እ.ኤ.አ. በ1914 የከተማው ፖሊስ መጫወቻ በሌላቸው የድሃ ሰፈሮች አንዳንድ መንገድ ለጥቂት ሰዓት ለልጆች መዝጋት ጀምሮ ነበር። ፖሊስ ራሱ! ለልጅ መንገድ መዝጋት ቅንጦት እንዳልሆነ ከመቶ ዓመት በፊት የገባቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

በእኛም አገር ኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሕዝብ ወጥቶበታል። ያን ቀን ያየ ሰው አስፋልት ያለ መኪና ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያውቃል። ከዚያም በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ሥራ ሲሠራ ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ወደ አራት ኪሎና ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተሠራ። በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ሄደዋል። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ፤ መስመሩ ሲመጣ በሠፈር ውስጥ ቸርኬ ይነዳ የነበረው ልጅ ሄዷል። የቀረውም ልጅ ቢሆን አዲሱን መስመር ከዳር ሆኖ ያየዋል፤ ምክንያቱም ሳይክል የለውም። የብስክሌት መንገድ ብስክሌት ለሌለው ሰው ያማረ አስፋልት ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ፤ የሒሳብና የፊዚክስ ሠልጣኞች እዚህ ጋ ጠጋ በሉ።

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሳይክል የለመዱት ሜዳ ስለሆኑ ነው። አራዳ ሜዳ አይደለም። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ለመውረድ ፔዳል መምታት አያስፈልግም፤ ፍሬን መያዝ እንጂ። በአሮጌው መንገድ ወደ አራት ኪሎ ከሄዳችሁም ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ትወርዱና መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ልጅ ከነሳይክሉ 60 ኪሎ ቢመዝን፣ በ100 ሜትር 5 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል 60 × 5 ÷ 100፣ ማለትም የ3 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ ሲነዳ የሚታገለው ግን ከግማሽ ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ዳገቱ ሥራውን ሰባት እጥፍ ያህል ያደርግበታል። ይህን ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ በሰሌዳ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ሳይክል አስይዞ ማስገፋት ይበልጣል።

የዳገቱ መዘዝ በአንድ ልጅ ጉልበት ብቻ አያበቃም። በዳገታማ ከተማ የጋራ ብስክሌት ሲኖር ሰው ሁሉ ይወርድበታል፣ ማንም አይወጣበትም። ጠዋት ፒያሳ የነበረው ሳይክል ማታ ለገሃር ይገኛል። ፓሪስ ውስጥ ሞንማርትርን በመሳሰሉ ኮረብታዎች ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ጣቢያዎቹ ባዶ ቀሩ፣ በመኪና እየጫኑ መመለስ ግድ ሆነ። መፍትሔ ብለው ያመጡትን ነገር ግን ወደድነው፦ ሳይክሉን ከፍታ ላይ ባለው ጣቢያ ለመለሰ ሰው 15 ደቂቃ ነጻ ጊዜ ይጨመርለት ነበር። ቀላል ነው፣ ፍትሐዊም ነው፤ ላቡን ያፈሰሰ ይጠቀማል። የእኛን ገፊ ልጅ አስታውሱት። እሱ በልመና ያገኛት የነበረችውን ግማሽ ዙር ፓሪስ መብት አድርጋ ጻፈችው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መላው ከተማ ጣቢያ እስኪተከልለት ድረስ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። በክረምት ብዙ የትምህርት ቤት ግቢ ባዶውን ይውላል፤ የክረምት ሠልጣኝ መምህራን ግን በከተማው አሉ። ግቢ አለ፣ ሰው አለ፣ ልጅ አለ። ሳይክሉን ከየቤቱ ዝጎ ከተቀመጠው፣ ሲቻልም ከሰፈር አከራይ በጠዋቱ ሰዓት፣ ሥራ በማይኖረው ጊዜ፣ መዋስ ይቻላል። ስንት ያስፈልጋል? ቁጥሩን ሠርተነዋል። ስድስት ሳይክልና ስድሳ ልጅ ይኑሩ። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 4፡30 ሁለት ሰዓት ነው፤ በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱ ይሻላል። 6 ሳይክል በ120 ደቂቃ ሲባዛ 720 የሳይክል ደቂቃ ይሆናል፤ ለ60 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 12 ደቂቃ ይደርሰዋል። ሁለቱ ደቂቃ ለመቀባበያ ቢሄድ 10 ደቂቃ ይቀራል። ለጀማሪ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጉልበቱ ይዝላል፣ ይወድቃል።

ግን አስተውሉ፦ ስድስቱ ሲነዱ ሃምሳ አራቱ ይጠብቃሉ። የክረምቱ ጨዋታ የሚበላሸውም የሚሠምረውም በእነዚህ ሃምሳ አራቱ ነው። ዝም ብለው ከተሰለፉ ግፊያ ይመጣል፣ ጉልበተኛው ተራ ይወስዳል። ስለዚህ ግቢውን ክፈሉት። በአንድ ጥግ ሰኞ ማክሰኞና የገመድ ዝላይ፣ በአንድ ጥግ ኳስ፣ በአንድ ጥግ ደግሞ የጎሚስታ ሥራ፦ አንድ የተበሳ ከመነዳሪ፣ አንድ ሳፋ ውሃ፣ አረፋው የሚወጣበትን ቀዳዳ ፈልጎ መለጠፍ። ይህ የመጨረሻው ከሳይክሉ ባልተናነሰ ልጅ ይሰበስባል። ዝናብ ከጣለ ክፍል ውስጥ ይቀጥላል። ተራው ሲጠራ አንዴ ወንድ፣ አንዴ ሴት ይጠራ፤ በስም ዝርዝር፣ ጮክ ተብሎ። «የፈለገች ትምጣ» ብሎ መተው ሹራብ ይዞ መቆምን መልሶ ማምጣት ነው።

አስተማመሩንም ሠልጣኝ የሆነ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ እየገፉ ማስለመድ የቆየ ዘዴ ነው፣ ግን ገፊውን ወገቡን ይሰብረዋል፣ ተገፊውንም አያስተምረውም። ሳይክል የሚወድቀው ሚዛን ስለጠፋ ነው፤ ሚዛኑ የሚመለሰው ደግሞ መሪውን ወደሚወድቅበት በኩል በትንሹ በማዞር ነው። ልጅ ሁሉ በተፈጥሮው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፣ ይሸሻል፣ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም ፔዳል ፍቱ። ኮርቻውን የልጁ ሁለት እግር ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ አድርጉ። ልጁ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሂድ፤ ከዚያ ሁለቱን እግር አንስቶ እስከ ሦስት ይቁጠር፣ ከዚያ እስከ አሥር። ዓይኑ ጎማው ላይ ሳይሆን ሩቅ ይይ። እስከ አሥር መቁጠር የቻለ ልጅ ሚዛን ይዟል፤ ፔዳሉን መልሱለት።

ፔዳሉን ስትፈቱ አንድ ነገር እንዳያታልላችሁ። የቀኙ እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ዞሮ ይፈታል። የግራው ግን ጥርሱ በተቃራኒ የተቀረጸ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ይህን ያላወቀ ሰው ሲታገል ውሎ ጥርሱን ይበላዋል፣ ሳይክሉም ያልቃል።

የእርጥብ መንገድ ጉዳይ በቀልድ አይታለፍም። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ሳይክል ቸርኬው ሲረጥብ ቶሎ አይቆምም። ደግሞም ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሁለት ሜትር የቆመ ልጅ በ20 ኪሎ ሜትር ስምንት ሜትር ይፈልጋል፣ ያውም በደረቅ። ስለዚህ የለመደ ልጅ ሁሉ ወደ ቁልቁለት አይለቀቅም። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ኖራ የተሰመረበት መሥመር ላይ ሲደርስ መቆም የቻለ፣ ሁለቱን ፍሬን አንድ ላይ ለስለስ አድርጎ መያዝ የለመደ ብቻ ከአስተማሪ ጋር ይወጣል። የፊቱን ብቻ ድንገት የያዘ በአፍጢሙ ይደፋል። ሱሪ የሚሰፋ ከሆነ ቁርጭምጭሚት ላይ በገመድ ይታሠር፣ ቀሚስም ይሰብሰብ፤ ካቴና ጨርቅ ከያዘ አይለቅም።

ወደ መንገድ መውጣቱ በመጀመሪያው ወር አያስፈልግም። ሲወጣም እሑድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ፣ በተሠራው መስመር ላይ፣ ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ፊት ለፊት ተነስቶ አጭር ደርሶ መልስ ይበቃል። ወደ ታች ብዙ አትውረዱ። የወረደ ሁሉ መውጣት አለበትና እዚህ ላይ የፓሪሱን ደንብ እንጠቀማለን፦ ሳይክሉን ዳገቱን ገፍቶ ያወጣ ልጅ በሚቀጥለው ቀን 15 ደቂቃ ይጨመርለታል፣ በዝርዝሩም ላይ ከስሙ ጎን ምልክት ይደረግበታል። ትልልቆቹ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይግፉ፤ ከፊት አንድ አስተማሪ፣ ከኋላ አንድ አስተማሪ ይኑር።

ሥራው ላይ ለመካፈል የምትፈልጉ ሠልጣኞች ስማችሁንና ያላችሁን የጠዋት ሰዓት ከዚህ ጋዜጣ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ጻፉ። መምህራንም እንዲሁ። አብዛኛው የፔዳል መፍቻ 15 ቁጥር ቁልፍ ነው፤ ቤቱ ያለው ይዞ ይምጣ። ሳፋውን ከማዕድ ቤት እንዋሳለን።